ለሁለተኛው ወር የሚሆን ስጦታ፦ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ወጣት ምን እንስጥ?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን የተመዳቢው ቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ለማለት በሚመጣ ዘመድና ጎረቤት ይሞላል፤ ወዲያውም አጎቱ፣ አክስቱ፣ የክርስትና እናቱ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ለልጁ ምን ይዘን እንሂድ?» እያለ ማሰብ ይጀምራል። ባለፉት ዓመታት የእህቶቼንና የወንድሞቼን ልጆች በየተራ ስሸኝ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ በሽኝቱ ዕለት የሚሰጠው አብዛኛው ዕቃ ለሽኝቱ ዕለት የተመረጠ መሆኑን ነው። ያምራል፣ ያስመርቃል፣ ፎቶ ይነሡበታል። ልጁ ግን የሚቸገረው በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም፤ ያን ጊዜ ሻንጣው ሙሉ ነው፣ ኪሱም ደህና ነው። የሚቸገረው በሁለተኛው ወር፣ ሳሙናው ሲያልቅ፣ ቆሎው ሲሟጠጥ፣ የመጀመሪያው ፈተና ሲደርስና ቤት ደውሎ ገንዘብ መጠየቅ ሲያሳፍረው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምገልጸው አሠራር በሙሉ «ይህ ዕቃ በሁለተኛው ወር ምን ይሠራለታል?» የሚለውን ጥያቄ ተከትሎ የሚሄድ ነው። የምናገረውም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ፣ ከቤተሰቡ ርቆ፣ ዶርም ስለሚኖር ተማሪ ነው።

1. ከሁሉ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ጥሪ ያንብቡ

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎችን ሲጠሩ መቼ እንደሚገቡና ምን ይዘው እንደሚመጡ በማስታወቂያ ይገልጻሉ። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ጥቂት ቢለያይም የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ከነኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ አብዛኛውን ጊዜ አይቀሩም። እነዚህ ያለ እነርሱ የማይገባባቸው ስለሆኑ ወላጅ ቀድሞ ይገዛቸዋል፤ እርስዎም ሳይጠይቁ ከገዟቸው ልጁ ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክሞ ይሄዳል። የቤቱ አቅም አነስተኛ መሆኑን ካወቁ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን መሸፈን ከየትኛውም ጌጠኛ ስጦታ ይበልጣል። ይህንንም ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን እናቱን ለብቻዋ አግኝቶ «አንሶላውንና ብርድ ልብሱን እኔ ልቻል» ማለት ይገባል።

በዚሁ ላይ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ የሆነ አንድ ስጦታ አለ፤ ውኃ የማያስገባ የሰነድ መያዣ ገዝቶ በውስጡ የሰርተፊኬቶቹን ሦስት ሦስት ኮፒ፣ አሥር ያህል ጉርድ ፎቶ፣ እስክሪብቶና ስቴፕለር አድርጎ መስጠት ነው። በምዝገባ ቀን ሰልፉ ረጅም ነው፤ ኮፒ ቤቱም ከግቢ ውጭ ሊሆን ይችላል። ዋናዎቹን ሰነዶች በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለልጁም ለወላጁም መላክ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ልጁን ራሱን መጠየቅም አይርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በመጀመሩ፣ ብዙዎቹ ልጆች ለጥቂት ቀናትም ቢሆን ዶርም አድረው ያውቃሉ። «ያኔ ምን አጥተሽ ተቸገርሽ?» የሚለው ጥያቄ «ምን ላምጣልሽ?» ከሚለው ይልቅ እውነተኛ መልስ ያመጣል።

2. የተመደበበትን ቦታ አየር ይወቁ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች፣ ሌሊቱ እንኳ የሚሞቅ የአፋር ምድር ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስጦታ መግዛት አይቻልም። የወንድሜ ልጅ ሰመራ የደረሰው ጊዜ እኔ የዩኒቨርሲቲውን ስም እንጂ አየሩን ሳላስብ ድርብ ብርድ ልብስ ገዝቼ ሰጠሁት፤ ልጁም ይሉኝታ ይዞት ተሸክሞት ሄደ፣ ዓመቱንም ከፍራሹ በላይ አንጥፎ ተኛበት። ያስፈለገው ስስ የጥጥ አንሶላ፣ ቀላል ነጠላ ጫማና ውኃ ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆይ ኮዳ ነበር።

ለደብረ ብርሃን፣ ለደብረ ታቦር፣ ለባሌ ሮቤ የሚሄድ ልጅ ወፍራም ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ኮፍያና ጋቢ ያስፈልገዋል። ለጅማ የሚሄድ ጠንካራ ዣንጥላና ውኃ የማያስገባ ጫማ ይፈልጋል። ለጋምቤላና ለአርባ ምንጭ ለሚሄድ ደግሞ አጎበር ከሁሉ ይቅደም፤ በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ቦታ የወባ ስጋት ያለበት ስለሆነ፣ ደጋ ያደገ ልጅ ይህን ላያስበው ይችላል። ዶርም ውስጥ ያለው ተደራራቢ አልጋ በመሆኑ አራት ማዕዘን አጎበር ከረጅም ማሰሪያ ገመድ ጋር ቢሰጥ በቀላሉ ይወጠራል።

ስለ ጋቢ ጥቂት ልጨምር፤ የብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ምርጫ እርሱ ነውና። እናት ወይም አያት የፈተለችው ጋቢ ለቀዝቃዛ ቦታ ለሚሄድ ልጅ የሚተካው የለም፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ላይ ይደረባል፣ ጧት ለጥናት ሲነሡ ይለበሳል። ነገር ግን አራት ንብርብር ስለሆነ በእጅ ሲታጠብ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ነጭነቱም በዶርም ኑሮ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ለበዓል የሚሆነውን ውድ ጋቢ ትተው ጠንከር ያለውን ይስጡ፤ በአንድ ጥጉ ላይም የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደላት በቀለም ክር ይጥለፉበት። በማስጫ ገመድ ላይ አሥር ነጭ ጋቢ ሲሰቀል የራስን ለይቶ ማውጣት ቀላል አይደለም።

3. ከሌሎቹ ሰጪዎች ጋር ይነጋገሩ

ዘመድ ሁሉ በየፊናው ሲገዛ ልጁ ሦስት ቦርሳና አምስት ፎጣ ይዞ፣ የሞባይል ካርድ መሙያ አጥቶ ይሄዳል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ታላቅ እህት ወይም አክስት፣ ዝርዝሩን ይዛ ማን ምን እንደሚያመጣ ብታስተባብር ይህ አይደርስም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ላፕቶፕን የመሰለ ውድ ዕቃም የሚገዛው በዚህ መንገድ ነው።

ልጁ የገባው የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች በሚሰጠው በአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ፕሮግራም ከሆነ ስጦታውን ለሁለት መክፈል ተገቢ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ የጥቂት ወራት ነው፤ አልፎ አንደኛ ዓመት እስኪጀምር ድረስ ሐሳቡ ሁሉ በዚያ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የመኝታና የንጽሕና ዕቃ፣ ስንቅና ጥቂት ገንዘብ ይበቃዋል፤ ትልቁ ስጦታ ደግሞ ሲያልፍ ይምጣለት። በትልቅ ድግስና በውድ ዕቃ ተሸኝቶ የሄደ ልጅ ማለፊያውን ሲያስብ የሚሰማው ጭንቀት ከባድ ነው፤ ይህን ሸክም ልንጨምርበት አይገባም።

4. የትምህርት ክፍሉ ሳይታወቅ የሙያ ዕቃ አይግዙ

ልጁ ሐኪም መሆን ይፈልጋል ተብሎ ነጭ ጋዋንና የልብ ማዳመጫ፣ መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ የንድፍ መሣሪያ ሲሰጥ አይቻለሁ። አንደኛ ዓመት ተማሪ የሚማረው በተፈጥሮ ሳይንስ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ተመድቦ የጋራ ትምህርቶችን ነው፤ የትምህርት ክፍል ምደባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በውጤትና በምርጫ ነው። የጠበቀውን ሳያገኝ የቀረ ልጅ ያንን ጋዋን በሎከሩ (በዶርም ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥኑ) ውስጥ ባየው ቁጥር ያዝናል።

ለመጀመሪያው ዓመት በእርግጥ የሚያገለግሉት ጥቂት ናቸው። ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ጥሩ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፣ ለሁሉም ጠንካራ ልባስ ያላቸው ደብተሮች፣ ፍላሽ ዲስክ፣ በጀርባ የሚያዝ ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ፣ እንዲሁም የስፖርት ጫማ፤ የሰውነት ማጎልመሻ ከጋራ ትምህርቶቹ አንዱ ስለሆነ ጫማው ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። የጫማ ቁጥሩን ሳያውቁ አይግዙ።

5. ለዶርም ኑሮ የሚሆኑትን ይምረጡ

ማንም የማያስበው፣ በገባ ዕለት ግን ሁሉም የሚፈልገው ዕቃ ጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ሎከሩ ቀለበት እንጂ ቁልፍ የለውም። የጓጉንቸሩ ቀስት በጣም ከወፈረ በቀለበቱ አይገባም፣ በጣም ከቀጠነም በቀላሉ ይሰበራል፤ ስለዚህ መካከለኛውን፣ ሦስት መክፈቻ ያለውን ይግዙ። አንዱን መክፈቻ ልጁ በአንገቱ ወይም በቀበቶው ይያዝ፣ ሁለተኛውን ለሚያምነው ጓደኛ ይስጥ፣ ሦስተኛው ቤት ይቅር።

ቻርጅ የሚደረግ አነስተኛ መብራትና ፓወር ባንክ ሌሎቹ ሁለት ጠቃሚ ዕቃዎች ናቸው፤ መብራት ይጠፋልና፣ ደግሞም አብረው የሚኖሩት ልጆች ሲተኙ ትልቁን መብራት አብርቶ ማጥናት አይቻልም። ለብዙ ልጅ የሚበቃ የሶኬት መሰኪያ ስለማይኖር ጥራት ያለው ማከፋፈያ ይዞ የሄደ ልጅ የክፍሉ ሁሉ ወዳጅ ይሆናል። ፔርሙስ ለቀዝቃዛ አገር ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ውኃ ማፍያና ስለት ያለው ነገር ግን በአብዛኛው ግቢ ስለማይፈቀድ በር ላይ በፍተሻ ይቀራል፤ አይግዙት። ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካንም አውቶቡስ ላይ ከሚጫኑ ይልቅ እዚያው ከተማ ሲደርስ የሚገዛበትን ገንዘብ ለይቶ መስጠት ይሻላል።

ለሴት ልጅ ሊታሰብ የሚገባው ትልቅ ነገር ሞዴስ ነው። ዋጋው እየጨመረ ነው፣ ብዙ ልጆችም አባታቸውን ለዚህ ገንዘብ መጠየቅ ይከብዳቸዋል። የሦስት ወይም የአራት ወር ሞዴስ፣ የውስጥ ሱሪ፣ የህመም ማስታገሻና የገላ ሳሙና በአንድ በሚዘጋ ቦርሳ አድርጋ አክስት ወይም ታላቅ እህት ለብቻዋ ብትሰጣት፣ በሁለተኛው ወር የምታስበው ስጦታ ይህ ይሆናል። እኔ ለእህቴ ልጅ ይህን ካደረግሁላት በኋላ ለሌሎቹም ሴት ልጆች ሁሉ ሌላ ነገር አልመረጥሁም።

6. ስንቁን በዕውቀት ያዘጋጁ

ከሁሉም በላይ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለመንገደኛ ስንቅ መቋጠር የቆየ ልማዳችን ነው፤ ዶርም ለሚገባ ልጅ ግን የሚቋጠረው ለመንገድ ሳይሆን ለወራት ስለሆነ ምርጫው ይለያል። የዩኒቨርሲቲው ካፌ ቁርስ፣ ምሳና እራት ቢያቀርብም በእራትና በቁርስ መካከል ያለው ሌሊት ለሚያጠና ልጅ ረጅም ነው። ምድጃ የለም፣ ማቀዝቀዣም የለም። ሽሮና የክክ ዱቄት እጅግ የተለመደ ስጦታ ቢሆንም የሚያበስልበት ቦታ ከሌለው ሳይነካ ተመልሶ ይመጣል።

የመጀመሪያው በሶ ነው። ገብሱ በደንብ ታምሶ፣ ልሞ የተፈጨ በሶ በውኃና በስኳር ወይም በማር ተበጥብጦ ሊጠጣ፣ በጥቂት ውኃ ታሽቶም ሊበላ ይችላል፤ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። ዱቄቱ ከወፍጮ እንደመጣ በሙቀቱ አይታሸግ፤ በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ እስኪቀዘቅዝ ይቆይ። በትኩሱ ከታሸገ እንፋሎቱ ውስጡ ይቀርና ከሳምንታት በኋላ ሻጋታ ያወጣል። ከዚያ በአንድ ትልቅ ዕቃ ከመጨመር ይልቅ በሁለት ወይም በሦስት ክዳናቸው ጥብቅ በሆኑ ዕቃዎች ቢከፈል፣ አንዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ሌላው ሳይነካ ይቆያል። ስኳሩን አብረው ይስጡ፤ በሶ ያለ ስኳር ለሚያጠና ልጅ ብዙም አይጣፍጥም።

ሁለተኛው ዳቦ ቆሎና ቆሎ ነው። ዳቦ ቆሎው ዘይቱ በደንብ ጠፍፎ፣ ውስጡ ድረስ ከደረቀ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አንዱን ፍሬ በጥርስ ሰብረው መሐሉ ለስለስ ካለ እንደገና ይመለስ። የገብስ ቆሎ ከሽምብራ፣ ከሱፍና ከለውዝ ጋር ቢቀላቀል ያጠግባል፤ ለውዙ ግን ጣዕሙ ቶሎ ስለሚበላሽ ለብቻው በትንሹ ይሁን። ድርቆሽም ይረሳል እንጂ ጥሩ ስንቅ ነው፤ በውኃና በጥቂት በርበሬ ሲርስ ቤት ያለ ያህል ይጣፍጣል። ጭኮ ለለመደው ልጅ ጉልበት ነው፤ ቅቤው በደንብ ካልተነጠረ ግን በሙቅ አገር ይበላሻል። በጥብቅ ጣሳ የተሞላ ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ ደግሞ የካፌውን ወጥ ያጣፍጣል። ለሙስሊም ተማሪ ረመዳን በትምህርት ጊዜ የሚውል ከሆነ አስቀድሞ ተምር ማዘጋጀት ልብ የሚነካ ስጦታ ነው።

መጠኑን ሲያስቡ ለአንድ ሰው አያስቡ። በእኛ ባህል ብቻውን ቆሎ የሚቆረጥም የለም፤ ክፍሉ ውስጥ አራት ወይም ስድስት ልጆች ካሉ ስንቁ የስድስት ነው፣ ሊሆንም ይገባዋል፤ እንግዳ ልጆች የሚወዳጁት በዚህ ነውና። ስለዚህ ያዘጋጁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይስጡ። ግማሹን ቤት ያስቀሩና በሁለተኛው ወር፣ ወደዚያ በሚሄድ ዘመድ ወይም በአውቶቡስ ይላኩ፤ በጥቅሉ ላይ የልጁን ስም፣ ስልኩንና የሚረከብበትን መናኸሪያ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ።

7. ላፕቶፕ ለመስጠት ካሰቡ አይቸኩሉ

ለአንደኛ ዓመት ደህና ስልክ ካለው ብዙ አይቸገርም፤ የጋራ ትምህርቶቹ ሞጁሎች በፒዲኤፍ በቴሌግራም ስለሚዘዋወሩ በስልክ ይነበባሉ። የትምህርት ክፍሉ ከታወቀ በኋላ ቢገዛ ግን እንደ ሥራው ይመረጣል፤ ለአካውንቲንግ ወይም ለሕግ ተማሪ የሚበቃው ለሥነ ሕንፃ ተማሪ አይበቃም። አሁኑኑ መግዛት ካለበት 8 ጊጋባይት ራም (ሥራ ማስኬጃ ማኅደረ ትውስታ) እና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫ) ያለው ለአጠቃላይ ሥራ ይበቃል። ያገለገለ ሲገዙ ቻርጀሩን ነቅለው፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ እያጫወቱ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ ባትሪው በዚያ ጊዜ ምን ያህል እንደቀነሰ ያዩበታል። ነጋዴው ከተቻኮለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ከአሜሪካ የሚልኩ ዘመዶች ሁለት ነገር ቢያጣሩ መልካም ነው። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል፤ በቻርጀሩ ላይ ተጽፏልና ያንብቡት፣ ከዚያ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። የፀጉር ማድረቂያና መተኮሻን የመሰለው በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ ዕቃ ግን በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። ስልክ ከሆነ ደግሞ በአንድ የቴሌኮም ድርጅት ያልተቆለፈ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይላኩ፤ የተቆለፈ ስልክ የኛን ሲም ካርድ አይቀበልም።

8. ገንዘቡን ከፋፍለው ይስጡ

ገንዘብ መስጠት የሚያሳፍር ስጦታ አይደለም፤ የሚሰጥበት መንገድ ግን ወሳኝ ነው። በሽኝቱ ዕለት በፖስታ የተሰጠ ብር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ልጁ አዲስ ከተማ ሲያይና አዲስ ጓደኛ ሲጋብዝ ያልቃል። 4,000 ብር ለመስጠት ያሰበ ሰው 1,000 ብሩን ዕለቱን ሰጥቶ ቀሪውን በየወሩ በታወቀ ቀን 1,000፣ 1,000 እያደረገ በቴሌብር ወይም በባንክ ቢልክ፣ ልጁ ያንን ቀን እያሰበ መኖርን ይማራል። ቀኑን ነግረውት አያሳልፉ። ከመሄዱ በፊት በስሙ የባንክ ሒሳብ መከፈቱን፣ የፋይዳ መታወቂያው መውጣቱን፣ ሲም ካርዱም በራሱ ስም መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ አንድ ከሰዓት አብረውት ተሰልፈው ማስጨረስ ራሱ ትልቅ ስጦታ ነው።

9. ከሄደ በኋላ ይደውሉ፣ በአግባቡም ይጠይቁ

ልጁ ገብቶ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ይደውሉለት፤ ለስጦታው ካሰቡት ገንዘብ ጥቂቱን እስከዚያ ይዘው ቢቆዩ ይሻላል። «የጎደለህ ነገር አለ?» ቢሉት «ኧረ ምንም፣ ደህና ነኝ» ነው የሚልዎት፤ ጨዋ ልጅ ሌላ አይመልስም። ይልቁንስ አንድ በአንድ ይጠይቁት፤ ሌሊት ይበርድሃል? ውኃ በምን ትቀዳለህ? ልብስህን የት ታሰጣለህ? ቁርስ ሰዓት ክፍል ስትገባ ምን ትበላለህ? የእህቴ ልጅ በዚህ መንገድ ስጠይቃት፣ ዶርሟ ከመማሪያ ክፍሉ ሩቅ መሆኑንና ጫማዋ ተረከዟን እንዳቆሰላት ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ቁጥሯን ጠይቄ ለስላሳ ሸራ ጫማ ከሁለተኛው ስንቅ ጋር ላክሁላት።